እስክንድርያን ለሚጐበኝ መምህር

ስለ አንድ ከተማ በመጽሐፍ ብዙ ያነበበ ሰው ከተማውን በዐይኑ ለማየት በሄደ ጊዜ ሁለት ከተማ ያጋጥመዋል። አንደኛው በልቡ ይዞት የመጣው ነው፤ ሁለተኛው ከባቡር ሲወርድ የሚቀበለው ነው። በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር ካሉት ጥንታውያን የወደብ ከተሞች ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እንደ እስክንድርያ የሰፋበት አይገኝም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሮም ኮሎሴዎ፣ በአቴና ፓርቴኖን፣ ቢፈርሱም ቆመው ይታያሉ። በእስክንድርያ ግን ከሰባቱ የዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የመብራት ግንብ የለም፤ ስሙ በዓለም ሁሉ የተሰማው የመጻሕፍት ቤት የለም፤ የመሥራችዋ የታላቁ እስክንድር መቃብር የት እንዳለ እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ የክሌዎፓትራ ቤተ መንግሥት የነበረበትም ሰፈር አብዛኛው ከባሕር በታች ሰጥሟል።

ስለዚህ ብዙ ሀገር ጐብኚዎች ከካይሮ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዘው ጧት ይገቡና፣ የባሕሩን ነፋስ ተቀብለው፣ ዓሣ በልተው፣ አንድ ዓምድና አንድ ምሽግ አይተው ማታ ይመለሳሉ። ለጠየቃቸውም ሰው ከጥንቱ የቀረ ነገር የለም ብለው ይመልሳሉ። ይህ አነጋገር ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ጐደሎ ነው። እስክንድርያ ከሌሎች ከተሞች ተለይታ የታወቀችበት ሥራ ማስተማርና መጽሐፍ መገልበጥ ስለ ነበረ፣ የቀረላትም ነገር የሚፈለገው በዚያው መንገድ ነው። መምህር የሆነ ጐብኚ ይህን ለማየት ከሌላው ይልቅ የተዘጋጀ ዐይን አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የከተማዪቱ አቀማመጥ

እስክንድርያ የተመሠረተችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ331 ዓመት ነው። የመቄዶንያው እስክንድር ግብፅን ከፋርስ እጅ ከወሰደ በኋላ፣ ራቆቲስ ከምትባል መንደር አጠገብ በባሕሩና በማርዮት ሐይቅ መካከል የተዘረጋውን ጠባብ መሬት መረጠ። የምርጫው ምክንያት በስፍራው ቆሞ ለሚመለከት ሰው ግልጽ ነው። ቦታው ከናይል አፎች በስተ ምዕራብ ይገኛል፤ ወንዙ የሚያመጣውን ደለል የባሕሩ ፍሰት ወደ ምሥራቅ ስለሚገፋው ወደቡ በቀላሉ አይደፈንም። ከፊት ለፊት ፋሮስ የምትባል ደሴት ሞገዱን ትመክታለች። ከኋላ ደግሞ ሐይቁ በቦይ ከናይል ጋር ይገናኝ ስለ ነበረ የግብፅ እህል በጀልባ እስከ መርከቡ አጠገብ ይደርስ ነበር።

የከተማውን ንድፍ ያወጣው ዲኖክራጥስ የተባለ የሕንፃ ዐዋቂ ነው። የመንገዶቹን መስመር ለማስመር ነጭ አፈር ቢያንስ በገብስ ዱቄት እንዳሰመሩት፣ ወፎችም ከሐይቁ ተነሥተው ዱቄቱን እንደ በሉት፣ እስክንድርም በዚህ እንደ ደነገጠ የጥንት ጸሓፊዎች ተርከዋል። ምልክት ተርጓሚዎቹ ግን ከተማዪቱ ከየአገሩ የሚመጣውን ሕዝብ ሁሉ የምትመግብ ትሆናለች ብለው አጽናኑት። እስክንድር አንድም ቤት ሳያይ ከስፍራው ሄደ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ323 ዓመት በባቢሎን ሞተ። ግብፅ ለጦር አለቃው ለጰጦሌሜዎስ ደረሰች፤ የእርሱም ዘር ክሌዎፓትራ እስከ ሞተችበት እስከ 30 ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ ነገሠ።

ነገሥታቱ ፋሮስን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ የድንጋይ ድልድይ አሠሩ። ርዝመቱ ሰባት ስታድዮን፣ ማለት ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ነበረ ሄፕታስታድዮን ተባለ። ድልድዩ ባሕሩን ለሁለት ከፍሎ የምሥራቅና የምዕራብ ወደብ አደረገው። ባለፉት መቶ ዓመታት አሸዋና ደለል በሁለቱም ወገን እየተከማቸ ድልድዩን አሰፋው፤ ዛሬ በላዩ መንገድ፣ ሱቅ፣ መስጊድና የመኖሪያ ቤት ሞልቶበታል። ጐብኚው ከአደባባዩ ተነሥቶ ወደ አንፉሺ ሰፈር በሚሄድበት ጊዜ በጥንቱ ድልድይ ላይ እንደሚራመድ የሚነግረው ሰው ካላገኘ አያውቀውም።

የፋሮስ መብራት

በደሴቲቱ ጫፍ ላይ ለመርከበኞች መንገድ የሚያመለክት የመብራት ግንብ ቆሞ ነበር። የተፈጸመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ280 ዓመት ገደማ በጰጦሌሜዎስ ሁለተኛ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ስሙ ከግንቡ ጋር የሚነሣው የክኒዶስ ሰው ሶስትራጦስ ነው። የታችኛው ክፍል አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ስምንት ማዕዘን፣ የላይኛው ክብ ነበረ፤ ቁመቱም ከ100 ሜትር በላይ እንደ ነበረ ይገመታል። የእስክንድርያ የባሕር ዳር ዝቅተኛና ተራራ የሌለበት ስለ ሆነ፣ ከሩቅ የሚመጣ መርከበኛ ያለዚህ መብራት ድንጋያማውን መግቢያ ለይቶ ማወቅ አይችልም ነበር።

ግንቡ ከ1,500 ዓመት በላይ ቆየ። ደጋግሞ የመጣው የምድር መንቀጥቀጥ፣ ይልቁንም የ1303 ዓመቱ፣ አፈረሰው። የታንጀሩ መንገደኛ ኢብን ባቱታ በ1326 ባየው ጊዜ አንደኛው ፊቱ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ሲመለስ ግን ወደ ውስጥ ለመግባት እንኳ የማይቻል ሆኖ አገኘው። የግብፁ ሡልጣን ቃይትባይ ከ1477 ጀምሮ በዚያው ስፍራ ምሽግ አሠራ። ምሽጉ በ1882 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዪቱን በመድፍ በደበደቡ ጊዜ ቢጐዳም ታድሶ ዛሬ ጐብኚዎችን ይቀበላል። ከ1994 ጀምሮም የፈረንሳይ ጠላቂ ሊቃውንት በምሽጉ ሥር ባለው ባሕር ውስጥ ከግንቡ እንደ ወደቁ የሚገመቱ ታላላቅ ድንጋዮች፣ ሐውልቶችና የአንበሳ አካል ያላቸው ምስሎች አግኝተዋል።

ድንጋዩ እንዲህ ሲወድቅ ስሙ ግን አልወደቀም። በግሪክ፣ በጣልያንና በፈረንሳይ ቋንቋ ዛሬም የመርከብ መብራት ግንብ ሁሉ የሚጠራው በዚያች ደሴት ስም ነው፤ ጣልያኑ ፋሮ፣ ፈረንሳዩ ፋር ይለዋል።

የሙሴዮን ማኅበርና የመጻሕፍት ቤቱ

የእስክንድርያ ነገሥታት በሀብታቸው ካደረጉት ሁሉ የሚበልጠው ሙሴዮን የተባለውን የሊቃውንት ማኅበር ማቋቋማቸው ነው። ስሙ የተገኘው ግሪኮች የቅኔ፣ የዜማና የዕውቀት ጠባቂዎች ናቸው ከሚሏቸው ከዘጠኙ ሙሴዎች ነው፤ በዛሬው ዘመን ሙዚየም የሚባለውም ቃል ከዚህ ይወጣል። የጂኦግራፊው ጸሓፊ ስትራቦን ማኅበሩ በቤተ መንግሥቱ ክልል ውስጥ መመላለሻ ስፍራ፣ መቀመጫ ያለበት አዳራሽና ሊቃውንቱ በአንድነት የሚመገቡበት ትልቅ ቤት እንደ ነበረው ጽፏል። ሊቃውንቱ ቀለባቸውን ከመንግሥት እየተቀበሉ ሥራቸው ማጥናትና ማስተማር ብቻ ነበረ።

መጽሐፍ የመሰብሰቡም ሥራ እንደ መንግሥት ጉዳይ ተቈጥሮ ነበር። ሐኪሙ ጋሌኖስ እንደ ጻፈው፣ ወደ ወደቡ የሚገባ መርከብ ሁሉ ይፈተሻል፤ የተገኘው መጽሐፍ ተወስዶ ይገለበጣል፤ ዋናው ለመጻሕፍት ቤቱ ይቀርና ለባለቤቱ ግልባጩ ይመለስለታል። እንዲህ የተገኙትም መጻሕፍት ከመርከቦች የመጡ የሚል ምልክት ይጻፍባቸው ነበር። ጰጦሌሜዎስ ሦስተኛም የኤስኪሎስን፣ የሶፎክሊስንና የኤውሪፒዲስን ተውኔቶች ለማስገልበጥ ከአቴና ሰዎች ተዋሰ፤ ለመያዣ 15 መክሊት ብር አስቀመጠ። ከዚያም ባማረ ወረቀት ያስጻፈውን ግልባጭ ላከላቸውና ዋናውን አስቀረ፤ የመያዣውም ብር በእነርሱ ዘንድ እንዲቀር ፈቀደ። መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ ተማሪ የሚቀጣ መምህር ይህን ሲያነብ ምን ብሎ እንደሚፈርድ ለማወቅ አይቸግርም። የሆነ ሆኖ ነገሩ በዚያ ዘመን አንድ ትክክለኛ ጽሑፍ ምን ያህል ይከበር እንደ ነበረ ያሳያል።

መጽሐፉ ሲበዛ የሚፈለገውን ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ስለዚህ ባለቅኔው ካሊማኮስ ጸሓፊዎችን በየሙያቸው ከፍሎ፣ የእያንዳንዱን ሕይወትና ሥራ የሚዘረዝር 120 ጥቅል ያለው የመጻሕፍት መዝገብ አዘጋጀ። ኤውክሊድ የጂኦሜትሪን ትምህርት በ13 ክፍል አስተካክሎ ጻፈ፤ የእርሱም አካሄድ፣ ይኸውም ከጥቂት የታወቁ ነገሮች ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ ማስረጃ መድረስ፣ እስከ ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚሠራበት ነው።

የመጻሕፍት ቤቱ ሹም የነበረው ኤራቶስቴንስም የምድርን ዙሪያ ለካ። በበጋው ረዥም ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሓይ በአስዋን በቀጥታ ከራስ በላይ እንደምትሆን፣ በእስክንድርያ ግን ጥላ እንደሚኖር ያውቅ ነበር። የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ ሆነ፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀትም 5,000 ስታድዮን ተብሎ ስለ ተገመተ፣ ሃምሳ ጊዜ ሲባዛ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታድዮን ይሆናል አለ። የስታድዮኑ ርዝመት እንደ ተወሰደው መጠን መልሱ ከዛሬው 40,000 ኪሎ ሜትር ጋር ይቀራረባል። ለዚህ ሥራ ያስፈለገው መሣሪያ የፀሓይ ጥላ፣ የመንገድ ርቀትና የማሰብ ኃይል ነው። መሣሪያ ያልተሟላለት የገጠር ትምህርት ቤት መምህር እንኳ አንድ በትር በግቢው ተክሎ ለተማሪዎቹ ሊያሳየው ይችላል።

ጥፋቱ እንዴት እንደ መጣ

ስለ እስክንድርያ መጻሕፍት ቤት ሲነሣ ሁሉም ሰው አንድ ታላቅ እሳት በሐሳቡ ይሥላል፤ ከዚያም ጥፋተኛውን ይፈልጋል። አንዱ ሮማውያንን፣ ሌላው ክርስቲያኖችን፣ ሌላው ዓረቦችን ይከሳል። ጐብኚውንም የሚመራው ሰው እንደየወገኑ አንዱን ታሪክ ይነግረዋል። ማስረጃው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ዩልዮስ ቄሣር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ48 ዓመት በከተማዪቱ ውስጥ ተከብቦ ሳለ በወደቡ የነበሩትን መርከቦች አቃጠለ፤ እሳቱም ወደ የብስ ተሻግሮ መጻሕፍት እንዳጠፋ ተጽፏል። ነገር ግን ስትራቦን ሙሴዮንን ያየው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሰማይ ከዋክብትን ሥርዓት የጻፈው ሊቅ ቀላውዴዎስ ጰጦሌሜዎስም በእስክንድርያ የሠራው ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በ272 ዓመተ ምሕረት ገደማ በንጉሠ ነገሥት አውሬልያኖስ ጦርነት የቤተ መንግሥቱ ሰፈር ክፉኛ ፈረሰ። በ391 ገደማ ሁለተኛው የመጻሕፍት ክፍል ይገኝበት የነበረው የሴራፒስ ቤተ ጣዖት በክርስቲያኖች ፈረሰ፤ በዚያ ሰዓት መጻሕፍት ገና በውስጡ ስለ መኖራቸው ግን ግልጽ ምስክር የለም። በ642 የዓረብ ጦር ከተማዪቱን በያዘ ጊዜ ከሊፋው ዑመር መጻሕፍቱን አስቃጠለ የሚለው ታሪክ ደግሞ በሰፊው የተነገረው ከ500 ዓመት በላይ ዘግይተው በጻፉ ሰዎች ስለ ሆነ፣ የዛሬ ታሪክ ጸሓፊዎች አብዛኞቹ አይቀበሉትም።

ከእነዚህ ሁሉ በፊት የደረሰ አንድ ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ145 ዓመት ገደማ ዙፋኑን የያዘው ጰጦሌሜዎስ ስምንተኛ የተቀናቃኙን ወገን ደግፈዋል ብሎ የጠረጠራቸውን ሊቃውንት ከከተማዪቱ አሳደደ። የመጻሕፍት ቤቱ ሹም አርስጥሮኮስ ወደ ቆጵሮስ ሸሸ። ንጉሡ በቦታው ከሹሞቹ መካከል የጦር ሰው ሾመበት። በዚያ ቀን አንድም መጽሐፍ አልተቃጠለም፤ ነገር ግን መጻሕፍቱን የሚያርም፣ የሚገለብጥና የሚያስተምር ሰው ተበተነ።

የፓፒሩስ ጥቅል በእርጥበትና በነፍሳት የሚበላ ነው። ከወደብ ዳር የተቀመጠ ጥቅል በየጊዜው በአዲስ ካልተገለበጠ እሳት ሳይነካው ይጠፋል። ለገልባጮቹ ደመወዝ በቀረ፣ ሊቃውንቱም በተሰደዱ ጊዜ የመጻሕፍት ቤቱ ሞት ተጀመረ፤ በኋላ የመጡት እሳቶችና ጦርነቶች አስቀድሞ የደከመውን ነገር ጨረሱት። ይህ አፈራረድ አንድ ጥፋተኛ ከመያዝ ይልቅ ያስጨንቃል፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ጥፋት በማናቸውም ዘመንና በማናቸውም አገር ያለ ጩኸት ሊፈጸም ይችላል።

የስደተኞቹም ነገር በዚህ አላበቃም። ግሪካዊው ጸሓፊ አቴናዮስ እንዳስተላለፈው፣ ከእስክንድርያ የተባረሩት የሰዋስው፣ የጂኦሜትሪ፣ የዜማና የሕክምና ዐዋቂዎች በየደሴቱና በየከተማው ተበትነው፣ በድኽነታቸው ምክንያት የሚያውቁትን እያስተማሩ ይኖሩ ጀመር፤ በዚህም ትምህርት በግሪኮች አገር ሁሉ እንደገና ተስፋፋ። ንጉሡ ሊያጠፋቸው የፈለጋቸው ሰዎች ለሌሎች ከተሞች መምህራን ሆኑላቸው።

የመምህሩ ወንበር

ዛሬ ጐብኚው ወደ ሴራፒስ ቤተ ጣዖት ኮረብታ ሲወጣ አንድ ዓምድ ብቻውን ቆሞ ያያል። ከአስዋን በመጣ ቀይ ድንጋይ የተሠራው ይህ ዓምድ ከነመሠረቱና ከነራሱ 27 ሜትር ያህል ይሆናል። የአውሮፓ መንገደኞች የፖምፔዎስ ዓምድ ብለው ቢጠሩትም የቆመው በ300 ዓመተ ምሕረት አካባቢ ለንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ክርስቲያኖችን በማሳደዱ የሚታወሰው ይህ ንጉሥ በከተማው ውስጥ ከቀሩት ሐውልቶች ሁሉ ትልቁን ይዞ መገኘቱ፣ ድንጋይ ማን እንደሚገባው ለይቶ እንደማይመሰክር ያሳያል።

ለመምህር ግን ከዓምዱ ይልቅ የሚጠቅመው ከባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚገኘው ኮም ኤል ዲካ የተባለው ስፍራ ነው። ስሙ በዓረብኛ የፍርስራሽ ጉብታ ማለት ነው። የፖላንድ ሊቃውንት ከ1960 ጀምሮ ከግብፃውያን ጋር ሲቈፍሩ፣ በመጀመሪያ እብነ በረድ መቀመጫ ያለው ትንሽ ቲያትር አገኙ፤ ቁፋሮው በቀጠለ ጊዜ ደግሞ በአንድ መተላለፊያ ዳር ተራ በተራ የተሠሩ ከ20 የሚበልጡ ክፍሎች ወጡ። የተሠሩት ከ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ደረጃ በደረጃ የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ በመጨረሻው ጫፍ መካከል ከሌሎቹ ከፍ ብሎ በደረጃ የሚወጣበት አንድ ወንበር አለ፤ በአንዳንዶቹም በወለሉ መካከል አንድ ሰው የሚቆምበት ዝቅተኛ ድንጋይ ተተክሏል። ሊቃውንቱ እነዚህ የትምህርት ክፍሎች መሆናቸውን ተረድተዋል። ከፍ ያለው ወንበር የመምህሩ ነው፤ መካከለኛው ድንጋይ ተማሪ ቆሞ ትምህርቱን ይል የነበረበት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ የጥንቱን መጻሕፍት ቤት ፍለጋ የመጣ ጐብኚ የመጻሕፍት ቤቱን አንድ ድንጋይ ሳያገኝ፣ የመጻሕፍት ቤቱ ከጠፋ በኋላ ይማሩበት የነበረውን ወንበር ያገኛል። የነገሥታቱ ቤት ፈርሶ፣ ሴራፒስ ወድቆ፣ የሒሳብ መምህርቷ ሂፓትያ በ415 በከተማዪቱ በተነሣው የሥልጣንና የሃይማኖት ጠብ በክርስቲያኖች ሁከት ተገድላ፣ ከዚህ ሁሉ በኋላ እንኳ መምህር በወንበሩ ይቀመጥ፣ ተማሪም ይሰበሰብ ነበር። የሂፓትያ አባት ቴዎን የኤውክሊድን መጽሐፍ ለተማሪዎች እንዲስማማ አድርጎ ያረመው እትም እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የታወቁት የግሪክኛ ግልባጮች ሁሉ ምንጭ ሆነ። በ6ኛው መቶ ዓመት ያስተማረው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ደግሞ ክብደታቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ በመውደቂያ ጊዜያቸው ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት መሆኑን በመጻፍ የአርስጣጣሊስን ቃል ተቃወመ፤ ጋሊልዮ ይህን ነገር ያነሣው ከሺህ ዓመት በኋላ ነው። የዚሁ የፊሎፖኖስ መምህር የአሞንዮስ ትምህርት ከተረፈበት መንገድ አንዱ ተማሪዎቹ ከአፉ እየሰሙ በጻፉት ማስታወሻ ነው።

ወደ ደቡብ የተላለፈው

የእስክንድርያ ዕውቀት ወደ ሶርያ፣ ወደ ባግዳድና ወደ አውሮፓ እንደ ተላለፈ በብዙ መጻሕፍት ይነገራል። በቀይ ባሕር በኩል ወደ አፍሪካ ቀንድ የተላለፈው ግን ከዚህ ያነሰ አይደለም።

ጰጦሌሜዎስ ሦስተኛ ለጦርነት የሚሆኑ ዝሆኖችን ከቀይ ባሕር አገሮች ያሳድን ነበር፤ ስለ ድሉም በግሪክኛ ያስጻፈው ድንጋይ በዛሬዪቱ ኤርትራ ባለችው በአዱሊስ ወደብ ቆሞ ነበር። ከድንጋዩም ፊት አንድ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻዎቹ ያስጻፈበት የእብነ በረድ ዙፋን ነበረ። ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ ንጉሥ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ለመዝመት በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ ወደ አዱሊስ መጣና በአገሩ ገዢ ትእዛዝ ሁለቱንም ጽሑፍ ገለበጠ። ድንጋዩም ዙፋኑም ዛሬ የሉም፤ የኮስማስ ግልባጭ ግን አለ፤ የእስክንድርያው ንጉሥና የአክሱሙ ንጉሥ ቃልም የሚታወቀው በእርሱ ብቻ ነው።

በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ ሾመ። ከዚያ ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስከ ተሾመበት እስከ 1951፣ ፓትርያርክም እስከ ተሠየመበት እስከ 1959 ድረስ ከእስክንድርያ መንበር ጋር የተያያዘች ሆና ኖረች። ከጳጳሳቱ ጋር መጻሕፍት መጡ። በእስክንድርያ ለአይሁድ ማኅበር የተተረጐመው የሰባ ሊቃናት ብሉይ ኪዳን ለግእዙ ትርጓሜ ምንጭ ሆነ፤ በእስክንድርያው በቄርሎስ ስም የሚጠራው መጽሐፍም በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ተመለሰ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በቅርብ ዘመን የታወቀ ነው። በትግራይ በአንድ ቤተ ክርስቲያን በተገኘ ጥንታዊ የብራና መጽሐፍ ውስጥ የእስክንድርያ ጳጳሳት ታሪክ በግእዝ ተጽፎ ተገኘ፤ የዚህ ታሪክ ግሪክኛው ዋና ጽሑፍ ጠፍቶ በላቲን ጥቂቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። እስክንድርያ የራስዋን ታሪክ ስታጣ ስማቸው ያልታወቀ የግእዝ ገልባጮች ጠብቀውላት ተገኙ።

የዘመን አቈጣጠሩም ከዚያው የመጣ ነው። ዐሥራ ሁለቱ ባለ 30 ቀን ወሮችና በመጨረሻ የሚጨመሩት አምስት ወይም ስድስት ቀኖች የእስክንድርያ ሥርዓት ናቸው፤ ጳጉሜን የሚለውም ቃል የተጨመሩ ማለት ከሆነው ከግሪክኛው ኤፓጎሜናይ የወጣ ነው። ጰጦሌሜዎስ ሦስተኛ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ዓመት በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስተኛ ቀን እንዲጨመር ዐዋጅ አስነግሮ ነበር፤ ዐዋጁ በሥራ ላይ የጸናው ግን በሮማው በአውግስጦስ ዘመን ነው። የኢትዮጵያ ዓመተ ምሕረት ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት የሚያንሰውም፣ የዘመኑ መነሻ አንያኖስ የተባለ የእስክንድርያ መነኵሴ በ5ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ባወጣው ስሌት ላይ ስለ ተመሠረተ ነው። የባሕረ ሐሳቡን ቀመር ደግሞ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጡታል።

ዛሬዪቱ እስክንድርያ

እስክንድርያ በኋለኛው ዘመን እጅግ አንሳ፣ የናፖሌዎን ጦር በ1798 በደረሰባት ጊዜ ጥቂት ሺህ ሰዎች ብቻ የሚኖሩባት ሆና ነበር። ሙሐመድ ዓሊ በ1820 ከናይል ውሃ የሚያመጣውን የማሕሙዲያን ቦይ ካስቈፈረ በኋላ ንግዷ ታደሰ፤ ግሪኮች፣ ጣልያኖች፣ አርመኖች፣ አይሁድና ሶርያውያን ከግብፃውያን ጋር ሠፈሩባት። ከ1956 ጦርነት በኋላ ከውጭ አገር ሰዎች አብዛኞቹ ወጡ። ዛሬ ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ የሚኖርባት የግብፅ ሁለተኛ ከተማ ናት።

በምሥራቁ ወደብ ዳር የቀድሞው ቤተ መንግሥት በነበረበት ሰፈር አጠገብ አዲሱ የእስክንድርያ መጻሕፍት ቤት በጥቅምት ወር 2002 ተመርቆ ተከፈተ። ወደ ባሕሩ እንዳዘነበለ ክብ ገበታ የተሠራው ሕንፃ ውጭ ግድግዳው ከአስዋን በመጣ ድንጋይ ተለብጦ በልዩ ልዩ የዓለም ፊደላት ተቀርጾበታል፤ የማንበቢያው አዳራሽ 2,000 ያህል አንባቢዎች ይይዛል። በ2011 በግብፅ ሕዝባዊ ዐመፅ በተነሣ ጊዜ ፖሊስ ከመንገድ ጠፍቶ ሳለ፣ ወጣቶችና የቤቱ ሠራተኞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሕንፃውን ከበው ከዘረፋ ጠበቁት። ከወጣቶቹ ብዙዎቹ በዚያው አዳራሽ ተቀምጠው ያነቡ የነበሩ ይሆናሉ ብሎ መገመት ይቻላል። ለመጻሕፍት ቤት ከድንጋይ ግንብ የጸና ጥበቃ ይህ መሆኑን ለማወቅ የ145ቱን ዓመት ስደት ማስታወስ ይበቃል።

እንግዲህ ወደ እስክንድርያ የሚሄድ መምህር ምሽጉንና ዓምዱን ማየቱ መልካም ነው፤ በባሕሩ ዳር መመላለሱም ይገባዋል። ጊዜ ካነሰው ግን ከባቡር እንደ ወረደ በመጀመሪያ ወደ ኮም ኤል ዲካ ይሂድ። በዚያ ከመቀመጫዎቹ ፊት ቆሞ የተማሪዎቹን ቦታ፣ የመምህሩን ወንበር፣ ተማሪው ቆሞ ይናገርበት የነበረውን ድንጋይ ይመልከት፤ ከራሱም ክፍል ጋር ያስተያየው። ዕቃው ያው ነው። በዚያ ወንበር ከተቀመጡት መምህራን የአብዛኞቹ ስም አልተጻፈም፤ ያስተማሩት ትምህርት ግን ከተማሪ ወደ ተማሪ፣ ከግልባጭ ወደ ግልባጭ እየተላለፈ እስከዚህ ደርሷል።

ወደ አገሩም በተመለሰ ማግስት፣ ጧት በክፍሉ ገብቶ ጠመኔውን አንሥቶ በጥቁር ሰሌዳው ራስ ላይ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመተ ምሕረቱን በሚጽፍበት ጊዜ፣ የሚጽፈው የእስክንድርያ ሊቃውንት ቀምረው ያስተላለፉትን ቍጥር መሆኑን ለተማሪዎቹ ይንገራቸው።